የድሮ ሞተርሆም ሂተር ፋኑ ይዞራል እሳቱ ግን አይነሳም፣ ምን ልፈትሽ?

አውሮራ_86፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የ1986 ቶዮታ ሞተርሆም አለኝ፣ ባለ 22አርኢ ሞተር፣ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ኮሎራዶ ተራራ እየወጣን የምናድርበት። የተበላሸው ሂተሩ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን በሞተሩ ውሃ የሚሞቀውን አይደለም የምለው፣ እሱ ደህና ነው፣ ከኋላ ቁምሳጥኑ ስር ያለው በፕሮፔን የሚሰራው ፈርነስ ነው። ቴርሞስታቱን ከፍ ሳደርገው ትንሽ ይቆይና ፋኑ ይነሳል ግን ጉልበት የለውም፣ ቀዝቃዛ አየር ብቻ እየነፋ ይቀጥላል፣ እሳት የለም፣ እሳቱን የሚለኩሰው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምጽ ራሱ አይሰማም። ጋዝ አለ፣ ምድጃው ሁሉም በደንብ ይነዳል።

እዚህ አንድ ጋራዥ ወስጄው ባትሪው ሞቷል ብለው አዲስ ገጠሙልኝ፣ ያው ነው። ተመልሼ ስሄድ ፈርነሱ አርጅቷል ሙሉው ይቀየር አሉኝ፣ የጠሩልኝ ዋጋ ደግሞ መኪናውን ከገዛሁበት ብዙም አይርቅም።

ግራ ያጋባኝ ምን መሰላችሁ፣ ቤት በር ላይ አቁሜ የቤት ኤሌክትሪክ ላይ ስሰካው ፋኑ ሁ ብሎ ይነሳና እሳቱም ወዲያው ይያያዛል። ተራራ ላይ በባትሪ ሲሆን ነው እምቢ የሚለው። ባለፈው እዛው ተራራ ላይ ሞተሩን አስነስቼ ስሞክረው ደግሞ ሰራ። ከፍታው ይሆን እንዴ? ሌድቪል አካባቢ ነው የምናድረው፣ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ወይስ ጋዙ በብርድ እየረጋ ነው? በረዶ ሳይገባ አንዴ መውጣት እንፈልጋለን፣ ልጆቹ በዛ ብርድ እንዲያድሩ ደግሞ አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ።

ካምፐር_ሀበሻ፦

ወንድሜ ይሄ በሽታ የታወቀ ነው። ሴይል ስዊች የምትባል ትንሽ ስዊች አለች፣ ስስ ቆርቆሮ አላት፣ የፋኑ ንፋስ ቆርቆሮዋን ሲገፋት ነው ሰርኪቱ የሚዘጋው። እሷ ካልዘጋች እሳቱ ፈጽሞ አይሞክርም፣ ያንተም ጠቅ ጠቅ የማይለው ለዛ ነው። ሁለቱን ሽቦ ከስዊቿ ነቅለህ አንድ ላይ አገናኛቸው፣ በቃ ይነሳል። የጓደኛዬን እንደዛ አድርገን ሙሉ ክረምት ሰርቷል።

መፍቻ፦

ኧረ እባካችሁ ልጆች ለሚተኙበት መኪና እንዲህ ያለ ምክር አትስጡ! ካምፐር_ሀበሻ የስዊቿን ስራ በትክክል ነው የተናገርከው፣ ያዘዝከው መድሃኒት ግን ሰው ይገድላል፣ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እዛ ፈርነስ ውስጥ ያለው ሞተር አንድ ነው፣ ዘንጉ ግን በሁለት በኩል ወጥቶ ሁለት ፋን ነው የሚያዞረው። አንደኛው የክፍሉን አየር ስቦ በሚግለው ብረት ዙሪያ አሳልፎ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋል። ሁለተኛው ከውጭ ንጹህ አየር ስቦ እሳቱ የሚነድበት ዝግ ሳጥን ውስጥ ያስገባና የተቃጠለውን ጭስ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይገፋል። ሞተሩ ሲደክም ሁለቱም አብረው ናቸው የሚደክሙት። ስዊቿ እዛ የተቀመጠችው ፋኑ ከሙሉ ፍጥነቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ሳይደርስ የጋዙ ቫልቭ እንዳይከፈት ነው። አንተ አልፈሃት ሽቦ ካገናኘህ ጋዙ በቂ አየር በሌለበት ይነዳል፣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የለው ቀለም የለው። የተቃጠለውንም በደንብ ገፍቶ የሚያስወጣው የለም። አገር ቤት የብርድ ጊዜ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው በዛው የቀሩ ሰዎች ወሬ ያልሰማ በመካከላችን የለም፣ እነሱን የገደለው ይሄው ጋዝ ነው።

ስለዚህ አውሮራ ወንድሜ ስዊቿን አትንካት፣ ስራዋን በትክክል እየሰራች ነው። ፋኑ ደክሟል እያለችህ ነው። ፋኑ ለምን ደከመ የሚለውን ነው መፈለግ ያለብን።

ከፍታውን እርሳው። ከፍ ያለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ እሳቱን ሊያዳክመው ይችላል፣ አንተ ግን ሞተሩን ስታስነሳ እዛው ተራራ ላይ ሰራ ብለሃል፣ ከፍታው በሞተሩ መነሳት አልተቀየረም። ጋዙም አይደለም፣ ፕሮፔን ከዜሮ በታች እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል፣ ኮሎራዶ ጥቅምት ላይ እዛ አይደርስም። በብርድ የሚያስቸግረው ቡቴን ነው፣ በትንንሽ ቆርቆሮ የሚሸጠው የካምፕ ጋዝ ውስጥ ያለው፣ እሱ ዜሮ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል። ምድጃህም ይነዳል ብለሃል በዛ ላይ።

አውሮራ_86፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስዊቿን አልነካም። ባለቤቴም አንብባ እንኳን አልነካህ አለችኝ። መልቲሜትር አለኝ፣ ቮልት መለካት እችላለሁ፣ ከዛ በላይ ግን አልሄድም። የት የት ልለካ?

ስቶክሆልም_ነኝ፦

ሰላም ከስዊድን። እኔ በበኩሌ ይሄን ያረጀ የጋዝ ፈርነስ አውጥተህ በናፍጣ የሚሰራ ሂተር ብታስገባ ይሻልሃል። እዚህ የጭነት መኪና ሹፌሮች ሁሉ በሱ ነው የሚያድሩት፣ ትንሽ ናፍጣ ነው የሚበላው፣ ርካሾቹ የቻይናዎቹ ደግሞ ዋጋቸው ጋራዡ ከጠራልህ ጋር አይወዳደርም። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ይሰራል፣ ጫጫታም የለውም።

ሽቦ_በሽቦ፦

ስቶክሆልም ሀሳብህ መጥፎ አይደለም ግን ለዚህ ሰው አሁን አይጠቅመውም። የናፍጣውም ሂተር በ12 ቮልት ነው የሚሰራው፣ ሲነሳ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ግሎው ፕለግ ከፈርነሱ ፋን የበለጠ አምፒር ይስባል፣ እዛው የተበላሸ መስመር ላይ ብትቀጥለው ቮልቴጅ አነሰ ብሎ ይጠፋል። የሱ መኪና ደግሞ ቤንዚን ነው፣ ለናፍጣው ሌላ ታንክ ሊገጠም ነው፣ ሌላ የጭስ መውጫም ሊበሳ ነው። መጀመሪያ መስመሩ ይታይ።

አውሮራ አንተ የጻፍከው ውስጥ መልሱ ግማሹ አለ። ኤሌክትሪክ ስትሰካ ይሰራል አልክ፣ ያ ማለት የፋኑ ሞተርም ስዊቿም እሳቱን የሚያዘው ቦርድም ጋዙም ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ቢያንስ በቂ ቮልት ሲያገኙ ይሰራሉ። የመኪናው ሞተር ሲነሳ ይሰራል አልክ፣ ያኔ ባትሪውን የሚሞላው ኦልተርኔተር 14 ቮልት አካባቢ ስለሚሰጥ መንገድ ላይ የሚጠፋው ጠፍቶ የሚደርሰው ይበቃዋል። በባትሪ ብቻ ሲሆን ግን አይበቃም። ባትሪው አዲስ ነው። ስለዚህ ከባትሪው ተነስቶ ፈርነሱ እስኪደርስ መንገድ ላይ ቮልት የሚበላ ነገር አለ። እነዚህ ፈርነሶች ቢያንስ 10.5 ቮልት ይፈልጋሉ፣ ፋኑ እየዞረ ሳለ ማለቴ ነው፣ ቆሞ ሳለ አይደለም።

ይሄ ነገር ብዙ ሰው የሚስተው ስለሆነ ላስምርበት። ፋኑ ሳይዞር ብትለካ ሁሉም ቦታ 12.6 ታያለህ፣ የዛገ ብሎንም ቢሆን። ቧንቧ ውስጡ ተደፍኖ እንኳ መክፈቻው ዝግ ሆኖ ግፊቱን ብትለካ ሙሉ ነው የሚያሳይህ፣ ከፍተህ ውሃው ሲሄድ ነው መደፈኑ የሚታወቀው። ስለዚህ የምትለካው ሁሉ ፋኑ እየዞረ ነው።

እንዲህ አድርግ። ኤሌክትሪኩን ንቀል፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቴርሞስታቱን ክፈትና ፋኑ ይዙር። ባትሪው ራስ ላይ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ለካ ጻፍ። ከዛ ፈርነሱ ጋ ሂድና ሁለቱ ዋና ሽቦዎች የሚገቡበት ላይ ለካ ጻፍ። ልዩነቱ የጠፋው ነው። ቀጥሎ የትኛው በኩል እንደጠፋ ለማወቅ ረጅም ሽቦ ፈልግ፣ የሜትሩን አንዱን ጫፍ በሱ አስረዝመህ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ እሰረው፣ ሌላውን ጫፍ ፈርነሱ ኔጌቲቭ ላይ አድርግ። ጤነኛ ከሆነ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። በፖዘቲቩም እንደዛው።

መፍቻ፦

ሽቦ_በሽቦ ያለው ሁሉ ልክ ነው እኔም በዛ ነው የምጀምረው። ለሌላ አንባቢ ግን ልጨምር፣ ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ፋኑ ከደከመ ነገሩ ሜካኒካል ነው። ፈርነሱን ከጋዝም ከባትሪም ነጥለህ ፋኑን በእጅህ አዙረው፣ ቀለል ብሎ መዞር አለበት። ከከበደ የሞተሩ ቡሽ ደርቋል ወይ ካርቦን ብሩሹ አልቋል። መኪናው ለወራት ቆሞ ከነበረ ደግሞ አይጥ ውስጡ ጎጆ ሰርታ ይሆናል፣ የውጭው ጭስ መውጫ ውስጥም ተርብ በጭቃ ቤቷን ትሰራለች፣ እነዚህን ብዙ አይቻለሁ። አንድ ደግሞ ማንም የማያስበው አለ፣ ሞተሩን ቀይሮ ሁለቱን ሽቦ አገላብጦ የገጠመ ሰው ፋኑ በተቃራኒ ይዞርበታል፣ ድምጹ ደህና ነው ንፋሱ ግን ትንሽ ነው፣ ስዊቿም አትዘጋም።

አውሮራ እግረ መንገዴን አንድ ልጠይቅህ፣ የኋላ ጎማህ በስንት ብሎን ነው የታሰረው? በ5 ነው በ6?

አውሮራ_86፦

በ6 ነው ጋሼ። ለምን?

መፍቻ፦

እሰይ። ቀደም ያሉት ቶዮታ ሞተርሆሞች የኋላ አክስላቸው ለተራ ፒካፕ የተሰራው ባለ 5 ብሎኑ ነበር፣ ከላይ የተጫነው ቤት ይከብደዋል፣ አክስሉ እየተሰበረ ጎማ ስለወጣ መንግሥት ባለበት ሪኮል ተደርጎ፣ ማለት መኪኖቹ ለጥገና ተመልሰው ተጠርተው፣ በከባዱ ባለ 6 ብሎን እንዲቀየር ተደርጓል። ያልተቀየረላቸው ግን አሁንም ይሸጣሉ። ይሄን ክር አንብቦ ቶዮታ ሞተርሆም ለመግዛት የሚያስብ ካለ ስለ ሂተር ሳይጠይቅ በፊት ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ይቁጠር።

ሲያትላዊት፦

ሰላም ክሩን ላለማበላሸት በአጭሩ፣ እኔም ቶዮታ ሞተርሆም ነው ያለኝ የ89፣ የኔ ግን የፊተኛው የዳሽቦርዱ ሂተር ነው። ፋኑ 1 ላይ 2 ላይ 3 ላይ ምንም የለም፣ የመጨረሻው 4 ላይ ብቻ ሙሉ በሙሉ ይነፋል። መስታወቱ እንፋሎት እየያዘ ስለሚያስቸግረኝ ሁልጊዜ 4 ላይ አድርጌ ነው የምነዳው፣ ጆሮዬ ሊጠፋ ነው። ይሄም ከሽቦ ጋር የተያያዘ ነው?

ሽቦ_በሽቦ፦

እህቴ ያንቺ ቀላል ነው፣ ሬዚስተሩ ተቃጥሏል። ከ1 እስከ 3 ያሉት ፍጥነቶች በሬዚስተር ውስጥ አልፈው ነው ወደ ሞተሩ የሚሄዱት፣ 4 ግን ሬዚስተሩን ሳይነካ በቀጥታ ነው የሚሄደው፣ ለዛ ነው እሱ ብቻ የሚሰራው። በተሳፋሪው በኩል ዳሽቦርዱ ስር ከፋኑ ቤት ጋር በትንንሽ ብሎን ታስሮ ታገኚዋለሽ፣ ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ግን አዲሱን ገጥመሽ እንዳትተዪው። ሬዚስተሩ ፋኑ ቤት ውስጥ የተቀመጠው የሚነፋው አየር እንዲያቀዘቅዘው ነው። ቅጠል ከገባ ወይም የፋኑ ሞተር ከብዶት ብዙ አምፒር የሚስብ ከሆነ አዲሱም ይቃጠላል። ፋኑን አውጥተሽ አጽጂው፣ በእጅሽ ስታዞሪው ይፈጫል ወይ አዳምጪ፣ የሬዚስተሩ ሶኬት ፕላስቲክ ቀልጦ ወይ ጠቁሮ ከሆነ ሶኬቱም ይቀየር።

ሲያትላዊት፦

ውይ ተባረክ፣ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ።

አውሮራ_86፦

ይኸው ለካሁ፣ ሁሉንም ፋኑ እየዞረ። ባትሪው ራስ ላይ 12.3። ፈርነሱ ጋ 9.8!! ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ፈርነሱ ኔጌቲቭ 1.9 አሳየኝ፣ በፖዘቲቩ በኩል 0.6። ይሄ ማለት ኔጌቲቩ ነው አይደል ችግሩ? እኔ ሁልጊዜ ቀዩን ሽቦ ነበር የምጠረጥረው ጋራዡም ያየው እሱን ነው።

ሽቦ_በሽቦ፦

በጣም ጥሩ ለካህ፣ ቁጥሩም ይገጥማል፣ 1.9 እና 0.6 ሲደመር 2.5፣ ከ12.3 ላይ 2.5 ሲቀነስ 9.8። አዎ ዋናው ሌባ ኔጌቲቩ በኩል ነው።

አሁን ኤሌክትሪክ ስትሰካ ለምን እንደሚሰራ ደግሞ ግልጽ ሆነ። የቤቱን ኤሌክትሪክ ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ኮንቨርተር ከፊውዝ ሳጥኑ ጋር አንድ ቦታ ነው ያለው፣ ኔጌቲቩም እዛው ከፈርነሱ ኔጌቲቭ ጋር በአጭር ሽቦ ይገናኛል። ስለዚህ ስትሰካ ከረንቱ በሻንሲው፣ ማለት መኪናው በተሰራበት የብረት አጽም፣ በኩል ወደ ባትሪው መዞር አያስፈልገውም። በባትሪ ሲሆን ግን ከፊውዝ ሳጥኑ ወጥቶ ሻንሲው ላይ በብሎን ገብቶ በሻንሲው ሄዶ ወደ ባትሪው ነው የሚመለሰው። መበላሸቱ እዛ መንገድ ላይ ነው። ባትሪ ብትቀይር ፈርነስ ብትቀይር ያ ብሎን እዛው ነው ያለው።

የሜትሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ እንደታሰረ ተወውና መኪናው ስር ግባ። መጀመሪያ ሻንሲው ላይ ንጹህ ብረት ቧጨር አድርገህ ንካ። ከዛ ከላይ ከቤቱ የሚወርደው ነጭ ወይም አረንጓዴ ወፍራም ሽቦ ሻንሲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ፈልግና የሽቦውን ጫፍ ራሱን ንካ። ቁጥሩ ዘልሎ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ነው በሽታው ያለው። እጅህንም አስጠጋው፣ አንዳንዴ ይሞቃል።

ካምፐር_ሀበሻ፦

ይሄን ነገር እኔም እየተከታተልኩ ነው። የጓደኛዬንም ስዊቿን ልንመልሳት ነው። ግን ጋሽ መፍቻ፣ ስዊቿ ራሷ ብትሆንስ የተበላሸችው? ሳናገናኝ እንዴት ይታወቃል?

መፍቻ፦

ስለመለሳችሁት ደስ ብሎኛል፣ ዛሬውኑ ይሁን። መፈተኛው ይሄ ነው፣ ፈርነሱን ከባትሪ ነጥል ጋዙንም ዝጋ፣ ሁለቱን ሽቦ ከስዊቿ ንቀል፣ ሜትሩን ሬዚስታንስ መለኪያው ላይ አድርገህ ሁለቱ እግሮቿ ላይ አስቀምጥ። ቆርቆሮዋን በጣትህ ቀስ ብለህ ግፋት፣ ጠቅ ብላ ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለባት፣ ስትለቃት መልሳ መክፈት አለባት። ጠቅ ብላ ካላገናኘች ወይም ሳትገፋ ተያይዛ ከቀረች ትቀየር፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ደህና ሆና የውሻ ጸጉርና አቧራ ተጠምጥሞባት ነው አልንቀሳቀስ የምትለው፣ አጽድታችሁ መልሷት።

አውሮራ_86፦

አገኘሁት አገኘሁት! ሻንሲው ላይ 0.1፣ የሽቦው ጫፍ ላይ ስነካ 1.8። ከኋለኛው ጎማ ፊት ለፊት ሻንሲው ላይ በአንድ ብሎን የታሰረ ሽቦ ነው፣ ብሎኑ ከዝገቱ የተነሳ ራሱ አይለይም ነበር፣ ስነካውም ሞቅ ብሏል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅዬ ብሎኑን ለመፍታት ዘይት ረጭቼ አሳደርኩት፣ በነጋታው ሲፈታ ከስሩ ቀለም አለ ከቀለሙ ላይ ዝገት አለ፣ ብረቱን የነካ ነገር የለም። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኩት፣ ሽቦውን ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ስለነበር ቆርጬ በወፍራም ባለ 10 ጌጅ ቀየርኩት፣ አዲስ ቀለበት ተርሚናል፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ አዲስ ብሎን፣ ከላይ ግሪስ ቀባሁት። የፊውዙን መያዣም ጥርሱ ጠቁሮ ስለነበር አጸዳሁት።

አሁን ባትሪው 12.3 ሲሆን ፈርነሱ ጋ 11.9። ፋኑ ሲነሳ ድምጹ ሌላ ነው፣ ትንሽ ቆየ ጠቅ ጠቅ አለ እሳቱ ተያያዘ። ልጆቹ ወጥተው አጨበጨቡ። ጋሼ፣ ሽቦ_በሽቦ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሩብ ሰዓት ያህል በደንብ ከሞቀ በኋላ እሳቱ ይጠፋና ፋኑ ብቻ ይቀጥላል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይያያዛል፣ ክፍሉ ደግሞ ቴርሞስታቱ ላይ ያለው ሙቀት አልደረሰም። ይሄ ኖርማል ነው?

መፍቻ፦

እንኳን ደስ አለህ! አይ ይሄኛው ኖርማል አይደለም፣ ግን የመጀመሪያው ስለተስተካከለ ነው አሁን የታየው። ሊሚት ስዊች የሚባል አለ፣ ፈርነሱ ውስጡ ከመጠን በላይ ሲግል ጋዙን ይዘጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመልሳል። እሱንም እንዳታልፈው። እሱ የሚዘጋው ሙቀቱ መሄጃ ሲያጣ ነው። ስለዚህ አየሩን ተከተለው፣ የሚገባበትንም የሚወጣበትንም። ፈርነሱ ፊት ለፊት ያለው ወንፊት የክፍሉን አየር የሚስብበት ነው፣ እዛ ላይ ብርድ ልብስ ጫማ ምንጣፍ ምንም አይደገፍበት። ከዛ የሚወጡትን ቱቦዎች እስከ መጨረሻቸው በእጅህ ዳስሳቸው፣ እነዚህ እንደ ወረቀት ስስ የሆኑት የአሉሚኒየም ቱቦዎች መሳቢያ ሲገፋባቸው ይጨፈለቃሉ።

አውሮራ_86፦

ጋሼ እዚህ ሆነህ ያየኸው ነው የሚመስለው። ከአልጋው ስር የሚያልፈው ቱቦ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ በፊት የነበረው ሰው የሰራው የእንጨት ሳጥን ላዩ ላይ ነው የተቀመጠው። ሁለተኛው ደግሞ ከማብሰያው ስር ጨርሶ ከመያዣው ወልቋል፣ ሙቀቱ ካቢኔ ውስጥ ነው ሲገባ የነበረው። ሁለቱንም በአዲስ ቀይሬ ሳጥኑን ዝቅ እንዳይል እግር ሰራሁለት። አሁን ሳይቆራረጥ ቴርሞስታቱ እስኪዘጋ ድረስ ይሰራል፣ ሲዘጋም ፋኑ ትንሽ ቀጥሎ ያጠፋል።

መፍቻ፦

ፋኑ መጨረሻ ላይ የሚቀጥለው የቀረውን ጭስና ሙቀት ጠርጎ ለማውጣት ነው፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት።

ከመሄድህ በፊት ሁለት ነገር አድርግልኝ። ፈርነሱ እየነደደ ውጭ ወጥተህ የጭሱን መውጫ እይ፣ ዙሪያው ጥቀርሻ ካለ እሳቱ በትክክል እየነደደ አይደለም ማለት ነው፣ ያኔ ሳታድርበት ለጋዝ ባለሙያ አሳየው። በዚህ እድሜው እሳቱ የሚነድበት ብረት ተሰንጥቆም ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ አንዴ ቢያየው አይከፋም። ሌላው የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምህን ገልብጠህ ጀርባውን እይ፣ የተመረተበት ቀን ወይም የሚቀየርበት ዓመት ተጽፏል። ቁልፉን ስትጫነው ጮኸ ማለት ይሰራል ማለት አይደለም፣ የሚጮኸው ድምጹ ነው የሚፈተነው፣ ጋዙን የሚያሸተው ክፍል ግን በዓመታት ውስጥ ይሞታል። ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው እድሜያቸው።

አውሮራ_86፦

ጥቀርሻ የለም፣ አየሁ። አላርሙ ግን ቀኑ ካለፈ ቆይቷል፣ አዲስ ዛሬ ገዝቼ አልጋው አጠገብ ገጠምኩ። ባለሙያም ለሐሙስ ቀጥሬያለሁ፣ እሱ አይቶ ካለፈ ነው የምንሄደው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ባትሪዬ 100 አምፒር ሰዓት ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይህን ፋን ይችለዋል?

ሽቦ_በሽቦ፦

ፈርነሱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ፋኑ የሚስበው አምፒር ተጽፏል፣ እሱን ተመልከት። ለምሳሌ 4 ቢል፣ ሌሊቱን ሙሉ አይዞርም፣ እየሞቀ እየጠፋ ነው የሚሄደው፣ በብርድ ሌሊት ተደምሮ 6 ሰዓት ዞረ ብንል 24 አምፒር ሰዓት ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሹ በታች ማውረድ ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ካንተ ባትሪ ላይ የምትጠቀመው 50 ነው። መብራቱንና የውሃ ፓምፑን ጨምረህ አንድ ሌሊት ያለ ችግር ያድራል። ብርዱም ከአቅሙ ትንሽ ይወስዳል፣ ያም ሆኖ ይበቃል። ለሁለተኛው ሌሊት ግን ቀን ላይ ሞተሩን አስነስተህ መንዳት ወይም በሶላር መሙላት አለብህ። ጠዋት ስትነሳ ምንም ሳይበራ ባትሪውን ለካው፣ 12.2 ከሆነ ግማሹ ላይ ነህ፣ ከዛ በታች ከሆነ ሳትሞላው ማታ ፈርነሱን አትክፈት።

አውሮራ_86፦

4.2 ይላል ወረቀቷ፣ ስለዚህ ሂሳቡ ይሰራል። ጠዋት ጠዋት እለካለሁ፣ ስመለስ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ።

ሲያትላዊት፦

የኔም ሬዚስተሩ ነበር፣ አንደኛው ጥቅል ሽቦ ተበጥሷል፣ ፋኑም ውስጥ የዋርካ የሚያህል ቅጠል ነው የወጣው። ሶኬቱ ደህና ነው። አሁን 1ም 2ም 3ም ይሰራሉ፣ አዲሱ እንዳይቃጠል አየር ማስገቢያው ላይ ወንፊት ላድርግበት ወይ?

ሽቦ_በሽቦ፦

አድርጊ፣ ግን የወባ አጎበር አይነት ጥብቅ አይሁን፣ አየሩን ያንቀዋል። ቀዳዳው ከግማሽ ሴንቲሜትር የማያንስ የሽቦ ወንፊት ከውጭ በኩል መስታወቱ ስር ካለው ፍርግርግ ላይ ቁረጪና ግጠሚ፣ መኸር ላይ ቅጠሉን ጠረግ አድርጊው።